ወደ ወንጪ ሐይቅ በእግር ለመውረድ ለሚያስቡ

ተራራ ለመውጣት የሚነሣ ሰው ድካሙ ከፊቱ ነው። ጧት ጉልበቱ ሳይዝል፣ ስንቁም ሳይጎድል ዳገቱን ይጋፈጣል፤ ያቃተው እንደ ሆነ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ይመለሳል። የወንጪ ጉዞ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መኪናው ተጓዡን የሚያወርደው ከተራራው አፋፍ ላይ ሲሆን ሐይቁ ያለው ከታች ከጉድጓዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ በጧት፣ ዳገቱ በማታ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ነገር በአፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኛ ግን በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ ክበብ ስም በሄድን ጊዜ ይህን ሳናስተውል ቀርተን 34 ሆነን ወረድን፤ አፋፉ ላይ ቆመን ስንቈጠር ግን 33 ሆነን ተገኘን።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ክበቡ ጉዞ ለመላክ ማመንታታቸው የታወቀ ነው፤ እኔም አልፈርድባቸውም። የጉዞውን ሰዓትና መንገድ በወረቀት ጽፌ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ መምህራችንም በእኔ ሥሌት ተማምነው ነው የወጡት። ስለ ሆነም ስሕተቱ የት ላይ እንደ ነበረና እንዲህ ያለ ጉዞ እንዴት መታቀድ እንዳለበት በዚህ መጽሔት ላይ መግለጽ የእኔ ግዴታ ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ ስለ ሥፍራው ጥቂት ልበል። ወንጪ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦና በወሊሶ ከተሞች መካከል የሚገኝ ተራራ ነው። ከአምቦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወሊሶ ደግሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ያስኬዳል። ተራራው የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ የነበረው የቀለጠ አለት ፈንድቶ በወጣ ጊዜ የተራራው ራስ የሚደገፍበት አጥቶ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ በተደረመሰውም ጐድጓዳ ሥፍራ ውኃ ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። የእሳቱም ትርፍ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በአካባቢው ፍል ውኃና እንደ አምቦ ውኃ የሚፍለቀለቅ ምንጭ ይገኛል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል፤ ከዙሪያው ከፍ ያለው ጫፍ ደግሞ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም አለ። በዳገቱ ላይ ኮሶ፣ ጽድና አስታ ይታያል፤ በየጓሮውም እንሰት ተተክሏል። ሥፍራው በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል።

ከወንጪ በስተ ምሥራቅ ደንዲ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ እርሱም እንደ ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሲሆን ሁለት ክብ ሐይቆች ተጣብቀው የ8 ቁጥር መልክ ይዘዋል። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ሲሆኑ የደንዲ ውኃ በሁሉቃ በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ የወንጪ ግን በወልጋ በኩል ወደ ግቤና ወደ ኦሞ መውረዱ ለእኔ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ይህን ያነሣሁት ጂኦግራፊ ስለምወድ ነው እንጂ ለጉዞው ዝግጅት የሚያስፈልግ ሆኖ አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጦ መንገድና ማረፊያ ስለ ተሠራለት ዛሬ ሥፍራው እንደ ድሮው ሩቅ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን እኔ የምጽፈው ከመኪናው መንገድ ፈቀቅ ብሎ በፈረስና በእግረኛ ዱካ ለሚወርደው ሰው ነው፤ በዚያ ዱካ ላይ ሳለ ለደከመው ሰው አስፋልቱ በማዶ መኖሩ ምንም አይረባውም።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። የአካባቢውን ካርታ አግኝቼ ነበር፤ መለኪያውም አንድ ለ50,000 ስለ ሆነ በካርታው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ማለት በምድር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የዱካውን ጠመዝማዛ በሲባጎ ተከትዬ ለካሁትና 8 ሳንቲ ሜትር ወጣው። 4 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሰው በሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብዬ ስላካፈልኩ 48 ደቂቃ ሆነልኝ። ለጥንቃቄ ብዬ 12 ደቂቃ ጨመርኩበትና «ከሐይቁ በ10 ሰዓት ተነሥተን በ11 ሰዓት አፋፉ ላይ እንገኛለን፤ ፀሐይም የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ስለ ሆነ አንድ ሰዓት ይተርፈናል» ብዬ በደኅና የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩ። ወረቀቱ አሁንም ከእኔ ዘንድ አለ።

ሲባጎው የማይለካው ነገር ነበር። በካርታው ላይ ኮንቱር የሚባሉት ቡናማ የከፍታ መስመሮች አሉ፤ በእኔ ካርታ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው 20 ሜትር ከፍታ ነው። ዱካው እነዚህን መስመሮች 20 ጊዜ ያቋርጣል፤ ይኸውም 400 ሜትር ዳገት ማለት ነው። እኔ ግን መስመሮቹን እንደ ጌጥ አይቼ አለፍኳቸው።

ለዚህ ችግር የሚሆን ሥሌት ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በ1892 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ደንብ ወደ ሜትር ሲመለስ እንዲህ ይላል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ቍጠር፤ በዚያም ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምር። በዚህ መሠረት 4 ኪሎ ሜትሩ 48 ደቂቃ፣ 400 ሜትሩ ደግሞ 40 ደቂቃ ይሆናል፤ ጠቅላላው 1 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው። ይህም ቢሆን ለጠንካራና ለለመደ ሰው የተነገረ እንጂ ለብዙ ተማሪዎች ጉዞ የሚበቃ አይደለም። ብዙ ሰው አብሮ ሲሄድ የጉዞው ፍጥነት የደካማው ሰው ፍጥነት ነው፤ አንዱ የጫማውን ክር ሊያስር ሲቆም ሁሉም ይቆማል። አየሩም ስስ ነው። ስለዚህ በሥሌቱ ላይ እኩሌታውን መጨመር ይገባል እላለሁ፤ ያን ጊዜ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይደርሳል። የእኛ የፊተኞቹ አፋፉን የረገጡት ልክ በ2 ሰዓት ነው፤ የኋለኞቹ ግን 3 ሰዓት ፈጀባቸው።

የአየሩ ነገር ተጨማሪ ማብራሪያ ይፈልጋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። የአዲስ አበባ ልጅ ከ2,300 ሜትር በላይ ኑሮውን ስለ መሠረተ ብዙም ላይታወቀው ይችላል። ከቈላ የመጣ ሰው ግን ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸውና ምግብ ሊያስጠላው ይችላል። ለከፍታ ሕመም በየመጻሕፍቱ የተጻፈው የመጀመሪያው ምክር «ወደ ታች ውረድ» የሚል ነው። እንግዲህ የወንጪን ክፉ ጠባይ ተመልከቱ። በሐይቁ ዳር የታመመ ሰው ወደ ቈላ ለመውረድ አስቀድሞ 400 ሜትር ወደ ላይ መውጣት አለበት!

በዕለቱ የሆነው ይህ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣነው ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ቊርስ በአምቦ ብዙ ጊዜ ወስዶብን አፋፉ ላይ የደረስነው በ5 ሰዓት ነው። ቁልቁለቱን እየዘፈንን ወረድን፤ በ6 ሰዓት ተኩልም ሐይቁ ዳር ነበርን። ከዚያ ምሳ ተበላ። ወደ ገዳሙ ለመሻገር ጀልባ በተራ ስለሚጫን 34 ሰው አድርሶ ለመመለስ ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ እኔ ከቶ አላሰብኩበትም ነበር። ለመሻገር እየጠበቅን ሳለ አንድ ፈረስ የሚያከራዩ ሽማግሌ ወደ እኛ ቀረብ ብለው በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ «ልጆቼ፣ ወንጪ እንግዳውን የሚቀበለው በቁልቁለት ነው፤ የሚሸኘው ግን በዳገት ነው። ቶሎ ተነሡ» አሉን። እኔም «አባባ፣ ሰዓታችንን አስልተናል» ብዬ መለስኩላቸው። ይህን ቃሌን ባስታወስኩ ቁጥር አሁንም ፊቴ ይቀላል።

በ10 ሰዓት ስንነሣ በዕቅዴ መሠረት አንዲት ደቂቃ እንኳ አላሳለፍንም ነበር። ነገር ግን በጉድጓዱ ውስጥ ማታ ቀድሞ ይመጣል፤ የምዕራቡ ገደል ፀሐይዋን ስለሚጋርዳት ከመጥለቋ በፊት ጥላው ዳገቱን ይሸፍነዋል፤ ብርዱም ከጥላው ጋር አብሮ ይወርዳል። ጠንካሮቹ ወደ ፊት ገሠገሡ፤ ደካሞቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሰልፋችንም እንደ ተበጠሰ መቍጠሪያ በዳገቱ ላይ ተበተነ። በ12 ሰዓት ፀሐይ ጠለቀች። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች ማታው ዐይን ለማለማመድ ጊዜ አይሰጥም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ለ34 ሰው አራት የእጅ ባትሪ ብቻ ነበረን። የእጅ ስልክ አለ ብለን ተዘናግተን ነበር፤ ነገር ግን ግማሾቹ ቀኑን ሙሉ ፎቶግራፍ ሲያነሡበት ስለ ዋሉ ኀይሉ አልቆ ነበር፤ የቀሩትም ቢሆኑ በዚያ ገደል ሥር መስመር አላገኙም።

በ1 ሰዓት አፋፉ ላይ ተሰብስበን መምህራችን ቈጠሩን። 33። ሁለተኛ ቈጠሩን። 33። የጎደለው በመስከረም ወር ከድሬዳዋ ወደ ትምህርት ቤታችን የተዛወረ የክፍሌ ልጅ ነበር። ከሐይቁ ስንነሣ ራሱን እንዳመመው ነግሮኝ ነበር፤ እኔም «ዳገቱን ስትጀምር ይለቅሃል» ብየዋለሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ እንደምትል በፈተና ላይ ጽፌ ማርክ ያገኘሁበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ የፈተናውን ዕውቀት ከጓደኛዬ ራስ ምታት ጋር ማገናኘት አልሆነልኝም።

መምህራችንና ሁለት ትልልቅ ልጆች ባትሪ ይዘው ሊወርዱ ሲነሡ ከታች የፈረስ ኮቴ ተሰማ። እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ልጁን ፈረስ ላይ አስቀምጠው፣ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰው፣ ልጓሙን እየሳቡ በ1 ሰዓት ተኩል ደረሱ። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ከዱካው ፈቀቅ ብሎ ከአንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ኖሯል፤ ከኋላው የሚመጣ ሰው ስላልነበረ ማንም አላየውም። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ነው ያገኙት። ለድካማቸው ገንዘብ ብንሰጣቸው የፈረሱን ዋጋ ብቻ ተቀብለው ሌላውን መለሱ። ወደ እኔ ዞረውም አልተቈጡኝም፤ «ልጄ፣ አይዞህ» ብቻ አሉኝ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የዕቅዱ መጀመሪያ የመነሻ ሰዓት ሳይሆን የመመለሻ ሰዓት መሆን አለበት። ፀሐይ በ12 ሰዓት ትጠልቃለች፤ ለማይታሰብ ነገር 2 ሰዓት ይተውና አፋፉ ላይ በ10 ሰዓት መገኘት ግድ ነው እንበል። ለዳገቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ለዕረፍት ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ስንቀንስ ከሐይቁ የምንነሣው በ7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ ሰዓት ሲደርስ ጀልባው ተራችንን ባያደርሰንም፣ ምሳው ባይበላም፣ ገዳሙን ባናይም መነሣት ነው። ከአዲስ አበባ በዕለቱ ተነሥቶ በዚህ ሰዓት መመለስ እንደማይመች ማንም ሊያሰላው ይችላል፤ እኛ ሐይቁ ዳር የደረስነው በ6 ሰዓት ተኩል አልነበረምን? ስለዚህ ጉዞው የሁለት ቀን መሆን አለበት፤ አንድ ሌሊት በአምቦ ወይም በወሊሶ ማደር ወጪ ቢያስከትልም።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሰልፉ ሥርዓት ይመጣል። ከፊት አንድ ቀዳሚ፣ ከኋላ አንድ ደጀን ይሾማል። ቀዳሚውን ማንም ሊቀድመው አይገባም፤ ከደጀኑም ኋላ ማንም ሊቀር አይገባም። ሰው ለሽንት እንኳ ፈቀቅ ቢል ደጀኑ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቀዳሚ እንዲሆን የሚመረጠው ፈጣን ልጅ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚራመድ ልጅ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ቆሞ መቈጠር ያስፈልጋል፤ እኛ የተቈጠርነው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ አንዴ ከመኪናው ስንወርድ፣ አንዴም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ብርዱ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚበረታ የወንጪ አፋፍ ከአዲስ አበባ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። የሱፍ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ይያዝ። ጋቢ በደረቅ ቀን የሚያክለው የለም፤ ዝናብ የነካው ጋቢ ግን ተሸካሚውን እንጂ ለባሹን አይጠቅምም። በቀን ደግሞ ፀሐይዋ ከከፍታው የተነሣ ስለምታቃጥል ባርኔጣ አይረሳ። አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን ብሎ መግዛት እግርን በፈቃድ ማቍሰል ነው።

ስንቁ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ጭኮ ቢሆን መልካም ነው፤ እያንዳንዱም ሰው ሁለት ሊትር ውኃ ይያዝ። የሐይቁ ውኃ ጥርት ብሎ ቢታይም ከብት የሚጠጣው ስለ ሆነ ሳይፈላ አይጠጣም። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ሙቀት ጀርም ለመግደል ይበቃል፤ ነገር ግን ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ መቆየት አለበት። ባቄላ ወይም ሽምብራ ቀቅዬ እበላለሁ የሚል ሰው ግን እስኪበስል ይመሽበታል።

ወራቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። በመስከረም አበባው ደስ ቢያሰኝም ጭቃው ገና አልደረቀም፤ በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይበዛል። መብረቅ ካዩ በኋላ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንድ ይቈጠር፤ 3 ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ከአፋፉ ፈቀቅ ማለት፣ ብቻውን ከቆመ ጽድ ሥር አለመጠለል፣ በጀልባ አለመሻገር፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማም በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይገባል።

ከአገሩ ሰዎች መሪና ፈረስ መከራየትን አንዳንዶች ገንዘብ እንደ ማባከን ያዩታል። እኔ ግን ለየ10 ሰው አንድ ፈረስ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ እላለሁ። ለመጋለብ አይደለም፤ ፈረሱ ባዶውን ከደጀኑ ጋር ይምጣ። ካልታመመ ሰው ከሌለ እሰየው፤ ዕቃ ይጫንበታል።

ለዘንድሮው ጉዞ ያቀረብነው ዕቅድ እንግዲህ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ዐርብ ከትምህርት በኋላ ወደ አምቦ፤ ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ከአምቦ፤ በ2 ሰዓት አፋፉ ላይ፤ በ2 ሰዓት ተኩል ቁልቁለቱ፤ በ4 ሰዓት ሐይቁ ዳር፤ በ7 ሰዓት ተኩል መነሣት። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባትሪ፤ ለ30 ተማሪ ሦስት ፈረስ። ከቈላ አገር በቅርቡ የመጡ ልጆች ዝርዝር በመምህሩ እጅ ይሆናል። የዕቅዱ ግልባጭ ለየወላጁ ይላካል፤ ሥሌቱን መርምረው ስሕተት ያገኙ እንደ ሆነ ለክበቡ ቢጽፉልን እናመሰግናለን።

ባለፈው ሳምንት በክበቡ ስብሰባ ላይ ደጀን ማን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ ቤቱ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ የድሬዳዋው ጓደኛችን እጁን አወጣ።